ሳያስሉ ወንዝ መውረድ

ከዚህ በፊት ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ የያዝኩት ስፈርም ብቻ ነው። በአፌም ቢሆን፣ በተለይ ሰው ሲበዛ፣ ብዙ አልናገርም። ያሳደገችኝ አክስቴ "አንቺ ልጅ እኮ ውሃ ቢወስድሽ 'አድኑኝ' ለማለት ታፍሪያለሽ" ትለኛለች። እውነቷን ነው።

ለመጻፍ የተነሳሁት ባጃጅ ውስጥ በሰማሁት ክርክር ነው። ከሚዛን ገበያ ስመለስ ሾፌሩና ሁለት ተሳፋሪዎች ሰርግ ላይ ስለምትበረው ካሜራ፣ ድሮን ስለሚሏት፣ ይጨቃጨቁ ነበር። አንደኛው ሰውዬ "እኔ ግቢ ላይ ትምጣና በወንጭፍ ነው የማወርዳት" አለ። አጠገቡ የነበረችው ሴት "ምን የምትደብቀው አለህ? አረቄ ታወጣለህ እንዴ?" ብላ አሳቀችን። ሾፌሩ ግን አልሳቀም። "የሰው ንብረት ሰብረህስ? ለሚያበራት ልጅ እኮ እሷ ማለት ለእኔ ይህች ባጃጅ ማለት ናት" አለ።

ሦስቱም ልክ ነበሩ። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ እሰማ ነበር። እንዲህ ያለች ካሜራ ስትወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ካወረዷትም አንዷ ነኝ። በሦስት ሰው ፊት ግን ከየት ጀምሬ ልናገር? የምጽፈው ማንም ፊቴን አያይም ብዬ ነው።

ቤታችን ከሚዛን ወደ ሸዋ ቤንች ከሚወስደው መንገድ ወጣ ይላል። ከቤቱ በታች የአክስቴ ቡና አለ፤ ከቡናው በታች ጎደሬ፣ ከጎደሬው በታች ወንዙ። ወንዙ ሰፊ አይደለም፤ በበጋ ልጆች ይዘሉታል። ግን አንድ ቦታ ላይ ይጠልቅና ጠፍጣፋ ድንጋዮች ይከቡታል። የሴቶች መታጠቢያ እሱ ነው። አጥር የለውም፣ በር የለውም። ወደ ታችኛው ማሳ የሚወስደው መንገድም በእሱ በኩል ያልፋል።

በር ባይኖረውም ደንብ አለው። ከላይ የሚመጣ ወንድ መንገዱ የሚታጠፍበት ቦታ ካለችው ዋንዛ ሥር ሲደርስ ይቆማል፤ ያስላል፤ "ሰው አለ?" ይላል። ከታች "እለፍ" ካልነው ያልፋል። "ቆይ" ካልነው ይቀመጣል። ይህን ማንም ጽፎ አልለጠፈውም። ወንዶች ልጆች ከአባቶቻቸው ጋር ሲሄዱ ያዩታል፣ አድገው እነሱም ያስላሉ። ጠጥቶ የራሱ ቤት የሚጠፋው ጎረቤታችን እንኳን ዋንዛዋ ሥር ማሳል አይጠፋውም። አንድ ጊዜ የሰፈራችን የእድር ዳኛ "ቆይ" ተባሉ። እኛም ወሬ ይዘን ረሳናቸው። ታጥበን ስንወጣ ከዋንዛዋ ሥር በትራቸውን ታቅፈው ተኝተው አገኘናቸው። ስንቀሰቅሳቸው አልተቆጡም፤ "ዛሬ ደግሞ የማንን ነገር ስታነሱ ዋላችሁ?" ብቻ ነው ያሉት።

በዚህ ደንብ ምክንያት እኔ ወንዙ ላይ ሌላ ሰው ነበርኩ። ቤት ውስጥ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምገባው ልጅ እዚያ እዘፍናለሁ፣ አፏጫለሁ፣ ሰው አስመስላለሁ። የእድር ዳኛውን አረማመድ ሳስመስል አክስቴ ሳቋ አልቆም ብሏት ሳሙናዋ ከእጇ አምልጦ በውሃ ተወስዷል። እዚያ የሚያየኝ የማውቀው ሰው ብቻ ነው። ሌላ ሰው ከመጣ ደግሞ ሳልዘጋጅ አይደርስብኝም።

አሁን ስለ ንቦቹ ልናገር። የአክስቴ ባል በሕይወት ሳለ ከወንዙ በላይ ባሉት ረጃጅም ዛፎች ላይ ቀፎ ሰቅሎ ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ ቀፎዎቹ የአክስቴ ሆኑ። የንብ መንጋ ሊኮበልል ሲነሳ ምን እንደሚደረግ በእኛ አካባቢ ሁሉም ያውቃል። አፈር ይበተናል፣ ውሃ ይረጫል፣ ቆርቆሮ ይደበደባል፣ ይፏጫል። መንጋው ሲደናገር ዝቅ ይልና ቅርንጫፍ ላይ ያርፋል። የማንም ይሁን የማን፣ ያወረደው ሰው ይወስደዋል። አክስቴ በዚህ ደንብ ሁለት ቀፎ ንብ ተወስዶባታል፤ ስለዚህ የንብ ድምፅ ስትሰማ ሌላ ነገር አይታያትም።

ያን ቀን ሰርግ ነበር፤ ከፋሲካ በኋላ፣ ሚያዝያ ውስጥ። የምትዳረው የእድር ዳኛው ልጅ ናት። ሲነጋጋ ጀምረን ስንሠራ ቆይተን፣ ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር ሳይደርስ ቶሎ እንታጠብ ብለን ወረድን። አክስቴ፣ አንዲት ጎረቤታችንና እኔ ነበርን። እኔ ፀጉሬን በሳሙና አሽቼ አረፋው ዓይኔ ውስጥ ገብቷል። ከወገቤ በላይ ምንም አልለበስኩም።

ድምፁ ከቡናው በኩል መጣ። ዝዝዝ የሚል፣ አንዴ የሚርቅ አንዴ የሚቀርብ።

አክስቴ እጇን ከውሃ አወጣች። "ዝም በሉ" አለች። ከዚያ ጮኸች። "ንቦቼ! ንቦቼ ወጡ! ምን ትጠብቃላችሁ፣ ደብድቡ!"

ጎረቤታችን ባልዲውን ገልብጣ በድንጋይ ትመታው ጀመር። እኔ ሳፋውን ይዤ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ወጣሁ። ዓይኔ አያይም፤ ግን ድምፁን ተከትዬ ወደ ላይ ቀና ብዬ እደበድባለሁ፣ አፏጫለሁ። አክስቴ እርጥብ አሸዋ እየዘገነች ትበትናለች። ድምፁም እየቀረበ መጣ።

"እየወረዱልን ነው!" አለች አክስቴ። "በርቺ ልጄ! አፏጪ!"

እኔም ሳቄ መጣ። እየሳቅሁ ማፏጨት አቃተኝ፣ እንደገና ሞከርኩ። ጎረቤታችን ስታጥበው የነበረውን እርጥብ ነጠላ ወደ ላይ ወረወረችው። አንድ ነገር ጮኸ። ቅርንጫፍ ተሰበረ። ከዚያ ጎደሬው ውስጥ ዱብ አለ።

ዓይኔን በውሃ አጥቤ አየሁ። ነጭ ናት። አራት እጅ አላት። አንዱ ተሰብሯል፣ ሁለቱ በነጠላው ተጠምጥመዋል፣ አንዱ ገና እየተሽከረከረ የጎደሬውን ቅጠል ይከታትፋል። ከሆዷ ሥር ክብ መስታወት አለ።

ጎረቤታችን ጎንበስ ብላ አየቻትና ቀስ ብላ "ዓይን አላት" አለች።

ያኔ ገባኝ። ውሃው ውስጥ እስከ አንገቴ ቁጭ አልኩ።

ብዙም ሳይቆይ ከላይ ኮቴ ሰማን። የሚሮጥ ሰው ነው። ዋንዛዋ ጋ ሲደርስ ኮቴው ቆመ።

"እህ! እህ! ሰው አለ?"

አክስቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ወደ ዛፏ ጮኸች። "አሁን ነው የምታስለው?"

"እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ካሜራዬ ወድቃብኝ ነው።"

"ካሜራህማ ካንተ ቀድማ መጥታለች! እሷን ማሳል አላስተማርካትም?"

"ልውረድ?" አለ።

"እንዳትወርድ! እዚያው ቁም!"

ቆመ። ያቺ ነገር ጎደሬው ውስጥ ስትንጫጫ ይሰማዋል፤ ስትሞት ይሰማዋል ማለት እችላለሁ። ግን አልወረደም። እኔ ውሃው ውስጥ ሆኜም ይህን ልብ አልኩ።

ለብሰን ወጣን። አክስቴ ካሜራዋን እንደ ሞተች ዶሮ በእርጥቡ ነጠላ ጠቅልላ ይዛታለች። ልጁ ቀጭን ነው፤ የማሻ ከተማ ልጅ ሲሆን ሚዛን ፎቶ ቤት አለው። ነጠላውን ገለጥ አድርጎ ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። ግን አልጮኸም። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ የተሰበረውን እጅ ወደ ቦታው ለመመለስ ሞከረ፤ አልገጥም አለው።

"ምን ልታይ መጣህ?" አለችው አክስቴ።

"እየጨፈራችሁልኝ መስሎኝ ነው" አለ። "ዳሱን ከላይ ስቀርጽ በስልኬ ላይ ሴቶች ባልዲ ሲደበድቡ፣ እጃቸውን ወደ ላይ ሲያነሱ አየሁ። የሰርጉ ሰዎች ካሜራዋን አይተው የሚጨፍሩ መሰለኝ። እንዳያዝኑብኝ ብዬ ቀረብ አደረግኳት።"

ጎረቤታችን አፏን በእጇ ያዘች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አክስቴ ተቆጥታ ልታያት ዞረችና የራሷም ከንፈር ከዳት። "እኛ ደግሞ ንብ መስላን" አለች።

እኔ አልሳቅሁም። አክስቴ ይህን አይታ ሳቋን ዋጠችና ወደ ልጁ ዞረች። "ስልክህ ላይ ማንን አየህ?"

"ስልኬ ላይ ፀሐይ አርፎበት ሴቶች መሆናችሁን ብቻ ነው ያየሁት" አለ። ከዚያ ወደ ካሜራዋ ጠቆመ። "ሚሞሪዋ ላይ ግን በደንብ ይኖራል። አልዋሻችሁም።"

ሚሞሪ የሚላት ምስሉ የሚቀመጥባት የጥፍር ያህል ነገር ናት። ከካሜራዋ ውስጥ አወጣትና መዳፉ ላይ አስቀመጣት። እኔ እዚያች ጥፍር ላይ፣ ከወገቤ በላይ ራቁቴን፣ አለሁ ማለት ነው።

"እሳት ውስጥ ትግባ" አለች አክስቴ።

ልጁ መዳፉን ዘጋ። "እማማ፣ የሙሽሪት አያት ምርቃት ያለው እዚህችው ላይ ነው። ዛሬ ጠዋት ተሸክመው እስከ ደጅ አወጧቸው። አይተዋል እኮ፤ ሁለተኛ ከአልጋ የሚነሱ አይመስለኝም።"

አይተናል። አሮጊቷ የእድር ዳኛው እናት ናቸው። የልጅ ልጃቸውን ራስ ይዘው ሲመርቁ ከመንደሩ ያላለቀሰ የለም።

ነገሩ ዳስ ውስጥ ደረሰ። ሙሽራው ገና ስላልመጣ ወንዶቹ ሥራ ፈትተው ነበር፤ ወዲያው ከበቡን። አንዱ "ድሮም ልትሰበር ይገባታል! ነገ ደግሞ በጣሪያ ቀዳዳ ልግባ ትላለች" አለ። ሌላው "ልጁ ምን አጠፋ? ሠርቶ ይብላበት እንጂ" አለ። አክስቴ ደግሞ ካሜራዋን እንደታቀፈች "በደንባችን ያወረደ ይወስዳል" ስትል አንድ ሽማግሌ "እንግዲያው ቀፎ ውስጥ አስገቢያትና ማር ትስጥሽ!" ብለው ዳሱን በሳቅ ሞሉት። አክስቴም አላረፈችም። "ማሩ ይቅር፣ የጎደሬዬን ካሳ ማን ይሰጠኛል?"

ሁሉም ወደ እድር ዳኛው ዞረ። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኔ በዚህ አልዳኝም" አሉ። "የእናቴ ምርቃት ያለበት ነገር ነው። ልቤ ያደላል። እናንተው ተነጋገሩ።"

ያኔ ቅድም የቀለዱት ሽማግሌ ተነሱ። ክፉ ሰው አይደሉም። "ዳኛ ሳያይ አይፈርድም" አሉ። "ዘፈን የሚያጫውተው ልጅ ኮምፒውተር ይዟል። ሁለት ሦስት ሽማግሌ ሆነን እንየው። የሚያሳፍር ነገር ካለ ይቃጠላል፤ ከሌለ ይቀራል።"

"ልክ ነው" አለ አንዱ። "ይታይ" አለ ሌላው። አንዱ ኮምፒውተሩን ሊያመጣ ሄደ።

አክስቴ ተቃወመች፤ ግን በንዴት በቤንችኛ ስለጀመረች ቋንቋውን የማያውቀው ግማሹ ሰው አልገባውም። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ዳሱን በዓይኔ ዞርኩት። ልጆች እያለን አብረውኝ የተማሩ ወንዶች አሉ። ቡና የሚገዙን ነጋዴዎች አሉ። ነገ ገበያ ስወጣ እነዚያ ሽማግሌዎች ሰላም ሲሉኝ ምን እንዳዩ አውቃለሁ፤ እነሱም ማወቄን ያውቃሉ። ያን ወንዝ ከዚያ በኋላ አልወርድም።

ኮምፒውተሩ ሲመጣ አየሁ። ከዚያ ድምፄን ሰማሁ። የእኔ መሆኑን ያወቅሁት ሰው ሁሉ ወደ እኔ ሲዞር ነው።

"አይታይም" አልኩ።

ሽማግሌው "ልጄ፣ ለአንቺው ብለን እኮ ነው" አሉ።

"አባቴ፣ እርስዎ ዋንዛዋ ሥር ሲደርሱ ያስላሉ" አልኩ። "'ቆይ' ካልንዎት ይቆያሉ። 'ውረዱ' ሳንል ወርደው አያውቁም። አሁንም ውረዱ አላልኩም።"

ኮምፒውተሩን የያዘው ሰው የት እንደሚያስቀምጠው ጠፍቶት ቆመ። ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ተቀመጡ። "እውነት ነው" አሉ። "አላልሽም።"

የእድር ዳኛው አልዳኝም ቢሉም በመጨረሻ የተናገሩት እሳቸው ናቸው። "ሚሞሪዋን እሷ ትያዝ" አሉ። "ሰርጉ ይለፍና ፎቶ ቤት ሄዳ የራሷን በራሷ እጅ ታጥፋ። የእናቴን ትተውልኝ። ስለ ስብራቱ፣ እነሱ ንብ መስሏቸው፣ አንተም ጭፈራ መስሎህ ነው። ማንም ማንንም አይክሰስ።" ወደ ልጁ ዞረው ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አንተን ግን ባዶ እጅህን አንተውህም። የመንደሩ ሰርግ ሁሉ ያንተ ነው፤ በእጅህ በምትይዘው ካሜራ።"

ልጁ "እሺ አባቴ" አለ። ሚሞሪዋን ለእኔ ሲሰጠኝ እጄን እንዳይነካ በጫፏ ይዞ ነው። በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኳት። ሰርጉን በሙሉ ቋጠሮውን ይዤ ዋልኩ። ሰው ሲጨፍር እጄን አላነሳሁም፤ እንድጨፍር የጎተቱኝ ሁሉ አፍራ ነው ብለው ተዉኝ።

ሰርጉ ካለፈ በኋላ ከአክስቴ ጋር ሚዛን ሄድን። አክስቴ አንድ ጣሳ ማር ይዛለች። ለምን እንደያዘችው ስጠይቃት "መንገድ ላይ ቢርበኝስ?" አለችኝ። ፎቶ ቤቱ ስንደርስ ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና "ካሜራህ ያላወረደችልኝ ማር ይኸውልህ" አለችው። ልጁ ሳቀ። ካሜራዋ መደርደሪያው ላይ ነበረች። የተሰበረው እጇ በፕላስተር ተጠቅልሏል፤ ጅማ ልኮ ሊያሠራት መሆኑን፣ ትሠራ አትሠራ እንደማያውቅ ነገረን።

ከአንድ መጋረጃ ጀርባ ፏፏቴ የተሳለበት ግድግዳ አለ፤ ሰው ፎቶ የሚነሳው ከፊቱ ቆሞ ነው። ኮምፒውተሩ እዚያ ነው። ልጁ ሚሞሪዋን ሰካና የቱን ስነካ እንደሚሄድ፣ የቱን ስነካ እንደሚቆም፣ የቱን ስነካ እንደሚጠፋ አሳየኝ። "ሲጠፋ አንድ ጊዜ ይጠይቅሻል፤ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ነው" አለኝ። ከዚያ ወጣና መጋረጃውን ሳበው። ውጭ ከአክስቴ ጋር ሲያወራ ይሰማኛል።

መጀመሪያ ምስሉ ላይ አሮጊቷ መጡ። እጃቸው የሙሽሪት ራስ ላይ ይንቀጠቀጣል። ሚሞሪዋን አቃጥለናት ቢሆን ኖሮስ? ቀጥሎ ዳሱ፣ ከዚያ የቤታችን ጣሪያ። ዝገቱ የት የት እንደሆነ ከላይ ይታያል። ቡናው አንድ አረንጓዴ ነገር ሆኖ ወንዙን ይሸፍነዋል። ወንዙ ለቤታችን እንዲህ ቅርብ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ከዚያ እኛ። አክስቴ አሸዋ ትበትናለች። ጎረቤታችን ትደበድባለች። እና ድንጋዩ ላይ አንዲት ሴት ቆማለች።

መጀመሪያ ገላዋን ብቻ አየሁ፤ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ቆይቼ ገለጥኩ። መልሼ ሳስኬደው ፊቷን አየሁ። ራሷ ላይ አረፋ ተቆልሏል። አንገቷን ወደ ሰማይ አቅንታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ አፏን ከፍታ ትስቃለች። እኔ የተነሳኋቸው ፎቶዎች ጥቂት ናቸው፤ በሁሉም አገጬ ደረቴ ላይ ነው። ይህችን ሴት አይቻት አላውቅም። ወንዝ ላይ ሌላ ሰው መሆኔን አውቅ ነበር እንጂ ምን እንደምመስል ማን ያሳየኛል?

በመዳፌ ገላዋን ከልዬ ፊቷን ብቻ ተውኩ። ይህችን ብቻ ቆርጦ ይሰጠኝ ይሆን? ለመቁረጥ ግን ማየት አለበት። መዳፌን አነሳሁ።

እንደነገረኝ ነካሁት። እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ትንሽ ቆየሁና እንደገና ነካሁት። ድንጋዩ፣ ወንዙ፣ ሴትዮዋ፣ ሁሉም ሄደ።

በኋላ ሰዎች "ኮምፒውተር እኮ የጠፋውንም ደብቆ ያስቀምጣል፤ ልጁስ ቀድሞ እንዳልቀዳው በምን ታውቂያለሽ?" ብለውኛል። በምንም አላውቅም። የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ካሜራዋ እየተሰባበረችበት ዋንዛዋ ሥር ቆሟል።

እዚያው ተቀምጬ ዓይኔን ጠረግሁ። ውጭ ወሬው ቆመ። ኮቴ ወደ መጋረጃው መጣና ቆመ።

"እህ፣ እህ" አለ።

በነጠላዬ ጫፍ ፊቴን ሸፈንኩ። መጋረጃው ግን አልተነቃነቀም። ከጀርባው ትንሽ ጠበቀ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ፣

"ልግባ ወይስ ልቆይ?" አለኝ።